አፋቸውን ያልከፈቱት እናት

በፈተና ቀን ዝም ማለት ጥርስ ከመንቀል ይከብደኛል። ጥርሱን እጄ ለምዶታል፤ ዝምታውን ግን አፌ እስከ ዛሬ አልለመደውም። እኔ ተማሪ ሲሳሳት ካየሁ እዚያው የምናገር ሰው ነኝ። መጀመሪያ ታካሚው ሳይሰማ በጆሮው፣ አልሰማ ካለኝም ጮክ ብዬ። ዲላ በሚገኘው የጥርስ ክሊኒካችን የሚለማመዱ ልጆች በየዓመቱ ቅጽል ስም ያወጡልኛል፤ እስከ አሁን የደረሱኝ ሁሉ የሚያቃጥል ነገር ስሞች ናቸው። አልቀየማቸውም። ሰው አፍ ውስጥ መርፌ የሚያስገባ ልጅ አስቀድሞ በእኔ ትንሽ ቢቃጠል ይሻለዋል።

በተግባር ፈተና ቀን ግን ፈታኝ አይናገርም። ወንበር ይዘን ጥግ እንቀመጣለን፤ እያየን እንጽፋለን። ተማሪው ታካሚውን ተቀብሎ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፣ ምን እንደሚደረግ ይወስናል፣ ከዚያ የወሰነውን ያደርገዋል። ታካሚው ደግሞ እውነተኛ ታካሚ ነው። ጠዋት ጉንጩን ይዞ ከመጣው ሰው መካከል በሽታው ያልከበደውን መርጠን ፈቃዱን እንጠይቃለን። አብዛኛው እሺ ይላል፤ ወረፋ ሳይጠብቅ ስለሚገባ ደስ የሚለውም አለ።

ብዙ ፈታኝ የሚያየው እጅን ነው። እጅ በልምምድ ይመጣል፤ የእኔም እጅ በተማሪነቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ዛሬ ቀጥ ያለ ነው። እኔ የማየው ዓይናቸውን ነው። ወደ ጥርሱ ብቻ ነው የሚያዩት ወይስ ወደ ባለ ጥርሱም? አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ያደገ አንድ ፈጣን ልጅ፣ "ማዘር፣ ቀላል ነው፣ ምንም ቴንሽን የለም" እያለ መብራቱን ቀጥታ የሴትየዋ ዓይን ላይ አበራው። እንባቸው ሲወርድ ፈርተው መስሎት አይዞዎት ይላቸዋል። ጥርሱን አሳምሮ ነቀለው፤ እኔ ግን በመብራቱ ነጥብ ቀነስኩበት።

"ዶክተር፣ ጥርሱ እኮ ወጥቷል" አለኝ በኋላ ቅር ብሎት።

"ዓይናቸውም ሊወጣ ነበር" አልኩት።

አሁን የማስታውሳት ተማሪ የዚያ ልጅ ተቃራኒ ናት። ዝምተኛ፣ ጠንቃቃ፣ ጥያቄ ስትጠየቅ መልሱን እያወቀችው እንኳ አንዴ መሬቱን የምታይ ልጅ። ዲላ ተወልዳ ያደገች ናት። አባቷ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፤ የሰፈሩ ሰው ገና ሦስተኛ ዓመት ሳለች ጀምሮ "ዶክተር" እያለ ስለሚጠራት በጓሮ በር ነበር የምትወጣው። ባለፈው ዙር የተግባር ፈተናውን ወድቃለች። የጣልኳት እኔ ነኝ። ማደንዘዣውን በትክክል ወግታ፣ መደንዘዙን ሳታረጋግጥ መንቀል ጀመረች፤ ታካሚው ከወንበሩ ተነሳባት። መውደቅ ይገባት ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እጥላታለሁ። ይህኛው የድጋሚ ፈተናዋ ነው። ካለፈች ትመረቃለች። ከወደቀች ግን ጓደኞቿ ጋውን ለብሰው ፎቶ ሲነሡ እሷ ዓመቱን እንደገና ትጀምራለች።

ከእኔ ጋር የሚፈትነው ሰው ከአዲስ አበባ የመጣ የውጭ ፈታኝ ነበር። "የውጭ" የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ እኔና እሱ አንድ ክፍል የተማርን፣ አንድ መጽሐፍ ለሁለት ያነበብን ሰዎች ነን። እጁ ከእኔ እጅ ይሻላል፤ ይህንን ደግሞ ለማንም እናገራለሁ፣ ለእሱ ብቻ አልነግረውም። በሰዓት ግን ቀልድ አያውቅም። የተሰጠው ሰዓት ካለፈ ለእሱ ፈተናው አልቋል፤ የጥርሱ ሥር ግማሽ ወጥቶ እንኳ ቢሆን። ማታውን ሆቴል አሳርፈነው ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ሳገኘው "ዘንድሮስ ዝም ትያለሽ?" አለኝ። "ሰዓትህን ደህና አድርገህ ሙላው" አልኩት።

ታካሚዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የቡና ለቀማው በተጋጋለበት ሰሞን ስለነበር የመጣው ሰው ጥቂት ነው፤ ለቀማ ላይ ያለ ሰው ጥርሱ እየነዘረውም ቢሆን ያችን ማሳ ሳይጨርስ አይመጣም። ከጪጩ በላይ ካለው ገጠር የመጡ አንዲት እናት አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። ጣታቸው በቡናው ቅርፊት ጠቁሯል፤ ነጠላቸውን አፋቸው ድረስ ጠቅልለዋል። አማርኛ አይናገሩም። እኔ እዚሁ ጌዴኦ፣ ፍስሐ ገነት ከተማ ስለተወለድኩ ጌዴኦኛ የልጅነት ቋንቋዬ ነው፤ ሳናግራቸው ፊታቸው ፈታ አለ። ማን አመጣዎት ስላቸው የልጃቸው ባል በሞተር ብስክሌት እንዳመጣቸው፣ አሁን ካርድ ሊያወጣላቸው እንደሄደ ነገሩኝ። አፋቸውን አስከፍቼ አየሁ። ወለል አድርገው ከፈቱት። ከታች በግራ በኩል የኋላ ጥርሳቸው ከመበስበሱ የተነሣ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቷል፤ እብጠት ያን ያህል የለውም። ለፈተና የሚሆን፣ ቀጥ ያለ ሥራ ነው። ፈቃዳቸውን ጠየቅኳቸው፤ የምትነቅላቸው ተማሪ ሴት መሆኗን ሲሰሙ እሺ አሉ።

ተራዋ ሲደርስ እናትየዋ ገቡ፤ አማቻቸውም ተከትሎ ገባ። ረጅም፣ ኮት የለበሰ፣ ጨዋ ሰው ነው። ተማሪዋ ሰላም ብላ አስቀመጠቻቸው፤ መብራቱን ደረታቸው ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ወደ አፋቸው ከፍ አደረገችው። ጥሩ፣ አልኩ በሆዴ። ጌዴኦኛ በአባቷ ሱቅ የለመደችው ነው፤ ዋጋ መናገርና ሰላም ማለት ትችላለች፣ ከዚያ ወዲያ ያልቅባታል። ስለዚህ ሰውየውን እንዲያስተረጉምላት ጠየቀችው። ዕድሜያቸውን፣ ሌላ በሽታ እንዳለባቸው፣ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆን ጠየቀች። እሱም ወደ ጌዴኦኛ ይመልስላታል፤ መልሱን ደግሞ በተሰባበረ አማርኛው ያመጣል። "ስኳር የለም ይላሉ። ደም ብዛት የለም ይላሉ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ እሱ ብቻ ነው ያለ።" ይህንን ሁሉ ሲናገር ግን ፊቱን ያዞረው ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የጥርስ ሥዕል ነበር። አንድም ጊዜ ወደ ወንበሩ አላየም።

"አፍዎን ይክፈቱ" አለች ልጅቷ። ተረጎመላት።

እናትየዋ ነጠላቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው አንድ ጣት የማያስገባ ያህል ከፈቱ። "ትንሽ ይጨምሩ" አለች። አልጨመሩም። አባበለቻቸው፤ አልጨመሩም። ሰውየው ግድግዳውን እያየ በቋንቋቸው ደገመላቸው፤ ጭራሽ ዘጉት።

ባልደረባዬ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ አየሁት። ምን እንደጻፈ ሳላይ አውቃለሁ። በእኛ ሙያ አፉ የማይከፈት ታካሚ ቀልድ አይደለም። የጥርሱ መግል ወደ ውስጥ ወደ ጡንቻው ሲገባ መንጋጋ ይያዛል፤ መንጋጋው የተያዘን ሰው እንደ ዋዛ አይነቅሉለትም፣ በቶሎ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይልኩታል። ከእኛ ዘንድ ሐዋሳ ማለት ነው። እኔ ግን ጠዋት አይቻቸዋለሁ። ያ አፍ ወለል ብሎ የሚከፈት አፍ ነው። አንድ አፍታ ግራ ገባኝ፤ ቀጥሎ ግድግዳውን የሚያየውን ሰው አየሁና ገባኝ።

በገጠሩ አማች ፊት አፋቸውን ከፍተው የማይበሉ እናቶች አሉ። ዛሬ ከነውሩ ብዙው ቀርቷል፤ ወጣቶቹ አብረው ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። የእሳቸው ዕድሜ እናቶች ግን እንኳን ለመብል ለማዛጋትም ፊታቸውን ያዞራሉ። ምስኪኑ ሰውዬም ይህን ስለሚያውቅ ነው ዓይኑን ግድግዳው ላይ የተከለው። ለማስተርጎም ባይፈለግ ኖሮ ቀድሞውኑ ክፍሉ ውስጥ አይገባም ነበር።

ይህን ሁሉ አውቄ መናገር አልችልም። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ያን ቃል ከተናገርኩ ግን ፈተናው የእሷ መሆኑ ይቀርና የእኔ ይሆናል፤ ውጤቱም ይሰረዛል። እውነቱን ለመናገር አዘንኩ፤ ለልጅቷም፣ ለእናትየዋም። ባልተያዘ መንጋጋ ሐዋሳ ድረስ ሊሄዱ ነው፤ በዚያ የለቀማ ሰሞን፣ በዚያ ሕመም።

ልጅቷ አልቸኮለችም። ባለፈው ዙር የጣላት ችኮላ ዛሬ የለም። ጉንጫቸውን ከውጭ በሁለት እጇ ዳሰሰች፤ የመንጋጋውን ጡንቻ ጫን አድርጋ አየችው፤ ትኩሳታቸውን ለካች፤ ምራቅ ይዋጡ አለቻቸውና ሲውጡ አንገታቸውን ተመለከተች። ሁሉም ደህና ነው። ጡንቻው ለስላሳ ነው፣ ትኩሳት የለም፣ መዋጥ ችለዋል። የማይከፈተው አፍ ብቻ ነው ከሌላው ጋር ያልተስማማው። ግንባሯ ሲኮማተር አየሁ። ባልደረባዬ ሰዓቱን ወደ እኔ አዘንብሎ አሳየኝ። ልጅቷ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የሪፈር ወረቀት አወጣች።

እስክሪብቶዋ ወረቀቱን ነካ። እኔ ወንበሬን አጥብቄ ያዝኩ።

ሪፈር የሚጽፍ ሐኪም ታካሚው መቼ እህል እንደቀመሰ መጠየቅ አለበት፤ መንገድ ላይ እንዳይደክሙ። እሷም እየጻፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ዛሬ ምን በልተዋል?" ብላ ሰውየውን ጠየቀችው።

"እኔ አላውቅም።"

"ትናንትስ ማታ?"

"ቤት በልተው ይሆናል። እኔ ባለበት አይበሉም።"

"ለምን?"

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከሥዕሉ ነቀለ፤ ወደ ጫማው ግን ነው ያየው። "የልጃቸው ባል ነኝ" አለ።

እስክሪብቶው ቆመ። ልጅቷ ቀና ብላ እሱን አየችው፤ እናትየዋን አየች፤ ነጠላቸው እንደገና አፋቸው ላይ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና ወደ ጎን አደረገችው።

ቀጥሎ ያደረገችውን ብዙ ተማሪ አያደርገውም። "ውጣልን" ቢባል ሰውየው ያፍራል፤ እናትየዋም በእሱ ያፍራሉ። እሷ ግን ቀረብ ብላ፣ "ወንድሜ፣ ከሕክምናው በኋላ ቀዝቃዛ ወተት ያስፈልጋቸዋል። በሩ ላይ ካለው ሱቅ ይዘህልን ና፤ ቀስ ብለህ፣ አትቸኩል" አለችው። ሰውየው እሺ ለማለት ጊዜ አልፈጀበትም። እንደዚያ ተደስቶ ወተት ሊገዛ የወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

አሁን አስተርጓሚ የለም። እኔ ጌዴኦኛ እንደምችል ታውቃለች፤ ወደ እኔ ግን አልዞረችም። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች ጠየቀች። ልጇን ልታሳክም ከይርጋጨፌ የመጣች አንዲት ሴት ልጇን አጠገቧ ላሉት አስይዛ ገባች። ልጅቷ መጀመሪያ እናትየዋን አስጠየቀቻቸው፤ ይህች ሴት አብራን ብትሆን ይፈቅዳሉ ብላ። ፈቀዱ። በዚህ ሁሉ መሐል ሰዓቱ ይሄዳል፤ ባልደረባዬ ያቃስታል።

"አሁን ማንም የለም፣ ሴቶች ብቻ ነን በያቸው" አለች።

ከጥግ የተቀመጠው ባልደረባዬ ወንድ መሆኑን ማንም አላነሣም። እናትየዋ ዞር ብለው አዩት፤ እንግዳ ሰው ነው፣ ዶክተር ነው፣ እንደ ወንድ አልቆጠሩትም መሰለኝ። ነጠላቸውን አውርደው አፋቸውን ከፈቱ። የልጅቷ ሦስት ጣት ያለ ችግር ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ማደንዘዣውን ወጋች። ጠበቀች። ድዱን በመሣሪያው ጫፍ ነካ እያደረገች፣ "እዚህ ጋ ይሰማዎታል? እዚህስ?" እያስተረጎመች አረጋገጠች፤ ያን ስታደርግ አንዴ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። ቅርፊቱ ተሰባሪ ስለነበር ሥሩን ቀስ እያለች አላላችው፤ ሁለቱም ሥር ሙሉውን ወጣ። ደም ማቆሚያ ጎዝ አስነከሰቻቸው። ይርጋጨፌዋ ሴት ጥርሱን ሰሃኑ ላይ ስታይ፣ "ይሄ ነው ያን ሁሉ ያስጮኸ?" አለች። እናትየዋ ጎዙን እንደነከሱ በዓይናቸው ሳቁ።

በሩ ሲዘጋ ባልደረባዬ ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "አልፏል" አለ። ሰዓቱ ማለቱ ነው።

"እሷም አልፋለች" አልኩት።

"ተይ እንጂ። ሴትየዋ ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ሲለቃቸው ከፈቱ። ጎበዝ ተማሪ ቶሎ ያረጋጋ ነበር፤ እሷ ወተት ላከች፣ ኮሪደር ወጣች፣ ሰው ሰበሰበች። ጊዜ አባከነች።"

"ፍርሃት አይደለም።"

"ምንድነው ታዲያ?"

ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ብነግረው ያምነኛል፤ ግን ለተማሪዬ ያደላሁ ይመስለዋል። "ደሙ መቆሙን ሄደህ እይ" አልኩት። "አማችየው ወተቱን ይዞ ተመልሷል፤ ያስተረጉምልሃል።"

ሄደ። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። እናትየዋ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ አማቻቸው ፌስታል ይዞ ራቅ ብሎ ቆሟል። ባልደረባዬ ጎንበስ ብሎ አፋቸውን እንዲከፍቱ ጠየቀ። ሰውየው ወደ መንገዱ እያየ ተረጎመ። እናትየዋ ነጠላቸውን ሳብ አደረጉ፤ ከንፈራቸውን ለቀቅ አድርገው መልሰው ዘጉት። "ሰፋ አድርገው" አለ። አንገታቸውን ደፉ። እንደገና ሊናገር ሲል ወደ መንገዱ የሚያየውን ሰውዬ አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ሰውየውን አንድ ነገር ጠየቀው፤ ሰውየውም ለሞተሩ ይሁን ለሌላ ነገር ወደ ግቢው ወጣ። እናትየዋ ዞር ብለው አዩ፣ ነጠላቸውን አወረዱ፣ አፋቸውን ከፈቱ።

ተመልሶ ሲቀመጥ ቀና ብሎ አላየኝም። የውጤት ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው።

"እኔ እልካቸው ነበር" አለ። "ምንም ሳላመነታ ሐዋሳ እልካቸው ነበር።"

አላሾፍኩበትም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነጥቡን ጻፈ፤ ከእኔ ነጥብ ይበልጥ ነበር። በሰዓቱ ትንሽ ቀንሷል፤ ልቀቀው አላልኩትም፣ ሕግ ሕግ ነው።

ልጅቷን ጠርቼ ማለፏን ነገርኳት። ኮራሁብሽ አልኳት፤ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሰምታ ስለማታውቅ የማለፏን ያህል አስደነገጣት። መሬቱን አየች፤ ሄደች ስል ተመለሰች።

"ዶክተር፣ እርስዎ ያውቁ ነበር አይደል? ስጽፍ ሳለሁ።"

"አውቅ ነበር።"

"ጽፌ ብጨርሰው ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?"

"አንቺን እጥልሽ ነበር" አልኳት። "ጥርሱን ደግሞ እኔ እነቅለው ነበር።"

ራሷን ነቀነቀች። እንደማደርገው ታውቃለች፤ የጠየቀችኝም ለራሷ ሳይሆን ለእናትየዋ ነበር።